ከሳጥኑ የወጣው ካርድ

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ አበው። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ ለማለት ይቻላል። ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ ከቆርቆሮ ሳጥን ሥር፣ ከልብስ በታች ሸሽጌ ያኖርኩት አንድ ወረቀት ነበረኝ። ወረቀቱ የተጻፈበትን ፊደል አልለቀቀም፤ እኔም ወረቀቱን አልለቀቅኩም። አልቀደድኩትም፤ ለሰውም አላሳየሁትም። በመጨረሻ ግን አላህ ሲያወጣው በገዛ ልጄ ፊት ወጣ። ይህን የምጽፈው ልጆቻቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሰምተው አንገታቸውን ለደፉባቸው ወላጆችና ለራሳቸው ለወጣቶቹ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። አባቴ ገበሬ ነበሩ። በወጣትነታቸው ግን በዳና ደረሳ ሆነው ኪታብ ቀርተዋል። ዳና በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ታላቁ ዓሊም ሸኽ አሕመድ ኢብን ኣደም ያስተማሩበት፣ በየጁ ምድር ስመ ጥር የሆነ የዒልም ቦታ ነው። አባቴ የዘመናዊውን ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጡም እኔን ወልድያ ልከው አስተማሩኝ። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ እናቴ ያዘጋጀችውን ድርቆሽና በሶ እየበላን ተማርን። ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስንቅ ሲያልቅ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን፣ መኪና ሲጠፋም በእግራችን እንመላለስ ነበር።

የዛሬ ወጣቶች «ማትሪክ» ሲባል ምን እንደነበር ላታውቁ ትችላላችሁ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማብቂያ ላይ የሚሰጥ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ውጤቱ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» በፊደል ይመጣል፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ ግዴታ ሆነው ከሌሎች ሦስት ትምህርቶች ጋር ይደመሩና አማካዩ ይወጣል። ከሁለት ነጥብ በታች ያመጣ ተማሪ ስለ ዩኒቨርስቲ ማሰቡን መተው ነበረበት። በዚያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ዩኒቨርስቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ኮሌጆች ናቸው። የዛሬው የወልድያ ዩኒቨርስቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር እስኪጀምር ገና ብዙ ዓመት ይቀር ነበር። እና በሩ እጅግ ጠባብ፣ በደጁ የቆመው ሰው ደግሞ ብዙ ነበር ማለት ነው።

እኔ በ1986 ዓ.ም. ተፈተንኩ። አማርኛ «ቢ»፤ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ «ሲ»፤ ሒሳብ «ኤፍ»። አማካዩ 1.8 ሆነ።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የኔ ነው። ሒሳብ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጥሎኝ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የቤት ሥራውን ከጓደኛ እየገለበጥኩ፣ ቀመሩን ሳይገባኝ እየሸመደድኩ ከክፍል ክፍል ተሻግሬያለሁ። ካርዴን ተቀብዬ ወደ አገሬ ስመለስ ሲሪንቃ ላይ ከመኪናው ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ጨልሞ ልግባ ብዬ ነው፤ መንገድ ላይ «ማትሪክ እንዴት ሆነ?» የሚል እንዳላገኝ። ቤት ስደርስ መግሪብ ተሰግዶ አልፏል። አባቴ ፊቴን አይተው ምንም አልጠየቁኝም። «አብሽር ልጄ፤ በመጀመሪያ እራትህን ብላ» ብቻ አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው መጣ። ገንዘብ ከተከፈለው በሌላ ሰው ስም ገብቶ የሚፈተን ጎበዝ እንደሚያውቅ በጆሮዬ ነገረኝ። አባቴ አንዲት ወይፈን ቢሸጡ ነገሩ ያልቃል። አልዋሽም፣ ልቤ ከጅሏል። ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ ጧት ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ ዳና ሳለሁ ነሕው አልገባኝ ብሎ ነበር። አጅሩሚያን ጨርሼ ወደሚቀጥለው ኪታብ ስሄድ ሸኾቹ አንድ ነገር ጠየቁኝና አፌ ተያዘ። ያን ጊዜ ጺም አውጥቻለሁ። እንደገና ከቢስሚላህ ጀመርኩ፤ ከትናንሽ ልጆች ጋር ተቀምጬ። ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። የሌላውን ደረሳ ኢጃዛ ይዤ አገሬ ብገባስ ኖሮ? የመጀመሪያው ጠያቂ ሲመጣ ምን ልመልስ ነበር? አንተም ሒሳቡ የት ላይ እንደጠፋብህ ፈልግ። ከጠፋብህ ቦታ ጀምር።»

ወይፈኗም አልተሸጠች።

በማግሥቱ ዓመት ደሴ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። አንድ ዓመት ሠልጥኜ ወደ ሀብሩ ተመለስኩና በጊራና በኩል በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደብኩ። አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ተባልኩ። በሒሳብ «ኤፍ» ያለው ሰው ሒሳብ አስተማሪ! አንድ ቀን ክፍልፋይ ሳስተምር ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ሦስት ከአራት ያንሳል፤ ታዲያ ሲሶ ከሩብ እንዴት ይበልጣል?» አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። በእረፍት ሰዓት ሁለት ብርቱካን ገዝቼ መጣሁ። አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት ቆረጥኩና ለልጆቹ አሳየኋቸው። ለብዙ ተካፋይ በተቆረጠው ብርቱካን የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚያንስ እነሱም አዩ፣ እኔም አየሁ። ውድ አንባቢያን፣ አባቴ «የጠፋብህን ቦታ ፈልግ» ያሉኝ ያኔ ገባኝ። የጠፋብኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አልነበረም፤ እዚያው ክፍልፋዩ ዘንድ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ተውሼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። በየቀኑ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ በኩራዝ መብራት፣ ሁለት ሰዓት። ሕጌ አንድ ነበር፤ የገጹን ጥያቄዎች መልስ ሳላይ በራሴ ካልሠራሁ ገጹን አልገልጥም። ሰባተኛን ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ስምንተኛን ሁለት። ያቃተኝን በወረቀት እያሰፈርኩ ቅዳሜ መርሳ ወርጄ አንድ የሒሳብ መምህር እጠይቃለሁ። አሥራ ሁለተኛ ላይ ስደርስ ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎችን እየፈለግሁ በሰዓት መሥራት ጀመርኩ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። የሥራ ባልደረቦቼ ሲስቁብኝ አባቴና ትናንሾቹ ደረሶች ይታወሱኛል።

በ1989 ዓ.ም. በግል ተፈታኝነት ተቀመጥኩ። ጂኦግራፊ «ኤ»፤ አማርኛ፣ ታሪክና እንግሊዝኛ «ቢ»፤ ሒሳብ «ሲ»። አማካዩ 3.0። ያቺን «ሲ» ዛሬም ድረስ ከ«ኤ»ው ይበልጥ እወዳታለሁ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ፣ ስድስት ኪሎ ገባሁ። ግቢው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርስቲው የተሰጠ ነው። በዚያ በር ስገባ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። መግባት ደግሞ መጨረሻው አልነበረም፤ ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በኋላ ውጤታቸው ዝቅ ብሎ የሚባረሩት «የገና ምሩቅ» ይባሉ ነበር። ከኔ የተሻለ ማትሪክ ይዘው መጥተው ከነሻንጣቸው የተመለሱ አይቻለሁ። እኔን ያቆየኝ ያ የሁለት ዓመት የኩራዝ ልምድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ቢነገር የሚያኮራ ነበር። እኔ ግን ለማንም አልተናገርኩትም። ተመርቄ፣ ትዳር ይዤ፣ መርሳ ላይ መምህር ሆኜ ስኖር፣ «ማስተማር ስለምወድ በመጀመሪያ ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ከዚያ ዩኒቨርስቲ ተማርኩ» እያልኩ ነበር የማወራው። ለባለቤቴም ያልኩት ይህንኑ ነው። ልጆቼ ከ«ቢ» በታች ሲያመጡ «እኔ በናንተ ዕድሜ…» እያልኩ እቆጣ ነበር። የ1986ቱ ካርድ ከሳጥኑ ሥር ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢያችን በጦርነቱ ተይዞ ነበር። እኛም ቤታችንን ጥለን ወጣን። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ዕቃው የለም፣ ሳጥኑ ተገልብጦ ወረቀቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበትኗል። እኔ የትምህርት ቤቱን ሁኔታ ለማየት ስወጣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ያነሳችው ባለቤቴ ነበረች። ካርዱን ያኔ አገኘችው። አንብባ፣ አጥፋ አስቀመጠችውና አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

የመጀመሪያዋ ልጃችን ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርቱ ዘግይቶ ተጀምሮ፣ ብዙው ምዕራፍ ሳይሸፈን፣ ያለ መጽሐፍ ተማሩ። በነሐሴ 2014 ቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ ዳግመኛ ልባችን ተሰቀለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ፤ ኩረጃን ለማስቀረት ነበር። ውጤቱ በጥር ሲወጣ አገሩ ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ። የኔ ልጅ 41 በመቶ አመጣች።

ሦስት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። በአራተኛው ቀን ወጣች፤ ፊቷ ግን ሌላ ነበር። ጸጥ ብላ ቤት ትጠርጋለች፣ ሳትታዘዝ ውኃ ትቀዳለች። እኔ ተጽናናች ብዬ ደስ አለኝ። እናቷ ግን እናት ናትና ሌላ ነገር አየች። የሀብሩ ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ከየመንደራችን ስንቱ ወጣት በአፋር በረሃ አድርጎ፣ በጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ልግባ ብሎ እንደወጣና ስንቱ እንዳልተመለሰ። ከልጄ ጓደኞች ሁለቱ በዚያው ወር ሄደዋል። እናቷ የልጅቱ የጆሮ ወርቅ ከቦታው እንደሌለ ያየችው በዚያ ቀን ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። አቦሉ ተጠጣ፤ ቶናው ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ ባለቤቴ ከቀሚሷ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዬ አጠገብ አኖረችው። ገና ሳይገለጥ አወቅሁት። ደሜ ቀዘቀዘ።

«አንተ ሰው» አለችኝ፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ይሄን ዛሬ ካላሳየሃት መቼ ልታሳያት ነው?»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ገልጬ ለልጄ ሰጠኋት። አነበበችው። ስሜን አየች፣ ዓመቱን አየች፣ ከዚያ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ ሒሳብ ኤፍ ነበረህ?»

«ኤፍ ነበረኝ።»

ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ ለምን ዋሸኸን?» አለችኝ።

ውድ ወላጆች፣ በሕይወቴ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ የዚያን ጥያቄ ያህል የከበደኝ የለም። «አፍሬ ነው ልጄ» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሲሪንቃ ላይ ስለወረድኩበት ማታ፣ በሰው ስም እንዲፈተኑልኝ ስለመጎምጀቴ፣ ስለ አያቷ አጅሩሚያ፣ ስለ ብርቱካኑ፣ ስለ ኩራዙ። በረካው ስኒው ውስጥ ቀዘቀዘ። ተናግሬ ስጨርስ እሷም በተራዋ ተናገረች። ወርቁ ተሸጧል። ከደላላው ጋር ቀን ተቆርጧል። የሚወጡት ከነገ ወዲያ ነበር።

«አንተ አንዴም ወድቀህ የማታውቅ መስሎኝ» አለች፤ «በዚህ ቤት እኔ ብቻ የወደቅሁ መስሎኝ ነበር።»

በዚያ ማታ ሁለታችንም አልተኛንም። አያቷ ለኔ ያሉትን እኔ ለሷ አልኳት፤ የጠፋብሽን ቦታ ፈልጊ። ፊዚክስ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። መንግሥት በዚያ ዓመት ማለፊያውን ካላገኙት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸውን የአቅም ማሻሻያ፣ ማለትም ሪሚዲያል በሚባለው ፕሮግራም ዩኒቨርስቲዎች እንዲቀበሉ አድርጎ ነበር። እሷም ተመደበች። ጥሪው እስኪደርስ ድረስ በየማታው የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ገልጠን ተቀመጥን። ሕጉ ያው ነው፤ በራስሽ ሳትሠሪ ገጽ አይገለጥም። ከሪሚዲያሉ ነጥብ ሰባው በመቶ በማዕከል ከሚወጣ ፈተና፣ ሠላሳው ደግሞ ከዩኒቨርስቲው ምዘና ነበር፤ ሃምሳ ያላመጣ ይመለሳል። ልጄ 58 አምጥታ አለፈች። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ የነርሲንግ ተማሪ ናት። ጥናት ሲከብዳት ትደውልልኝና «አባዬ፣ ብርቱካኑን ቁረጥልኝ» ትለኛለች፤ ከሥሩ አስረዳኝ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ የፈተናው ውጤት ቀስ በቀስ እየተሻሻለ መጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አልፈዋል። ቢሆንም ከአሥሩ ዘጠኙ አሁንም አንገቱን ደፍቶ ቤት ይገባል ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ከብሔራዊው ፈተና ሌላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። በሩ ዛሬም ጠባብ ነው። «ሁሉም ደግሞ ቢሞክር ይገባል» ብዬ አላታልላችሁም። ከኔ ጋር በግል የተፈተኑ ሁለት ጓደኞቼ አልሆነላቸውም። አንዱ በመርሳ የታወቀ የፍራፍሬ ገበሬ ሆኗል፤ ሌላው ጋራዥ ከፍቶ ልጆቹን ያስተምራል። እነሱም ቢሆኑ ከጠፋባቸው ቦታ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ይሁንና ዩኒቨርስቲ የሚፈልግ ወጣት የመጀመሪያ ካርዱን እንደ ፍርድ ወረቀት አይየው። ካርድ የሚናገረው በዚያ ቀን ምን ታውቅ እንደነበር ነው፤ ነገ ምን እንደምታውቅ አይናገርም። የትኛው ትምህርት፣ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደጠፋበት ለይቶ ወደዚያ ይመለስ። ሲመለስ ከትናንሽ ልጆች ጋር መቀመጥ ቢመጣም አይፈር።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ሁላችንም አንድ የደበቅነው ካርድ አለን። የወደቅንበት ፈተና ሊሆን ይችላል፣ የከሠርንበት ንግድ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን የኛን ድል ብቻ እየሰሙ ካደጉ፣ በወደቁ ቀን ከኛ ቤት ይልቅ የደላላው ደጅ ይቀርባቸዋል። ሳጥኑን ሌላ ሰው እስኪገለብጠው አትጠብቁ።

የኔ ካርድ ዛሬ ሳጥን ውስጥ የለም። ልጄ ዩኒቨርስቲ ስትሄድ ይዛው ሄዳለች። አላህ የሁላችንንም ልጆች በጠቃሚ ዕውቀት ያሳድግልን፤ በበረሃና በባሕር ያሉትንም በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።